የምስክር ስም አደራነት

ከባድ በደልን ለማጣራት የሚቋቋም መርማሪ ኮሚሽን ለምስክሮቹ አስቀድሞ የሚሰጠው ነገር ቢኖር ቃል ነው፤ ይኸውም «ስምህ አይገለጥም» የሚል ቃል ነው። ይህ ቃል የሚጸናው በሰብሳቢው ማዕርግ ወይም በሕጉ አንቀጽ ይመስለናል። እኔ ግን ቃሉ የሚጠበቀውም የሚፈርሰውም ደብዳቤ በሚላክበት ጠረጴዛ ላይ ነው እላለሁ። ለዚህም በእንግሊዝ አገር የደረሰውን አንድ ነገር በማስረጃነት አቀርባለሁ።

በእንግሊዝና በዌልስ በሕፃናት ላይ የተፈጸመውን ወሲባዊ ጥቃት የሚያጣራ ነጻ መርማሪ ኮሚሽን እንዲቋቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ተወሰነ፤ ምስክርን የማስገደድ ሥልጣንም በ2015 ተሰጠው። በአገሩ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ጥቃት የደረሰበት ሰው ስሙ ዕድሜ ልኩን በሕትመት እንዳይወጣ የተከለከለ ነው። ከነዚህ ተበዳዮች መካከል ምስጢሩን ለገዛ ቤተሰባቸው እንኳ ሳይገልጡ የኖሩ ብዙዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2017 አንድ የኮሚሽኑ ሠራተኛ ከምርመራው ጋር ግንኙነት ለነበራቸው 90 ሰዎች ስለ አንድ ግልጽ ችሎት የሚያስታውቅ ኢሜይል ላከ። አድራሻዎቹ ከዕይታ በሚሰወሩበት መስመር ስለ ገቡ አንዱ ተቀባይ ሌላውን አላየም። ነገር ግን በመልእክቱ ውስጥ ስሕተት ተገኘና ማረሚያ ተላከ፤ በዚህኛው ጊዜ አድራሻዎቹ የገቡት ለሁሉም በሚታየው መስመር ነበር። ከአድራሻዎቹም 52ቱ የባለቤታቸው ሙሉ ስም የሚነበብባቸው ነበሩ። በዚያ ዝርዝር ላይ መገኘት ብቻውን፣ ሌላ ቃል ሳይጨመርበት፣ «ይህ ሰው ተበድሎ ይሆናል» ያሰኛል። ኮሚሽኑ ደንግጦ መልእክቱ እንዲጠፋ የሚለምኑ ሦስት ኢሜይሎች ላከ፤ ከነዚህም አንዱ ለሁሉ የሚደርሱ 39 መልሶችን አስከተለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው። 22 አቤቱታዎችም ቀረቡ።

«ሠራተኛው ቸኩሎ ነው» ብለን ነገሩን ልንዘጋው እንችል ይሆናል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የመጀመሪያውን መልእክት በትክክል የላከ ሰው ደንቡን አላወቀም አይባልም። እጅ ግን ይሳሳታል። ለእያንዳንዱ ተቀባይ በተናጠል የሚልክ ዘዴ እያለ ኮሚሽኑ አልተጠቀመበትም፤ አድራሻን ደግሞ ስለ መመልከትም ለሠራተኞቹ በቂ መመሪያ አልሰጠም። ይህን ያረጋገጠው የአገሩ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ነው። ይባስ ብሎ ኮሚሽኑ የአድራሻውን መዝገብ ለአንድ የኮምፒዩተር ድርጅት ሰጥቶ፣ ከእንግዲህ ማንም ለሁሉ መመለስ አይችልም የሚለውን ምክሩን አምኖ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር አንድ ተቀባይ ለሁሉ መለሰና አድራሻው ለመላው ዝርዝር ታየ።

እኛ መምህራን በዚህ ሠራተኛ ላይ ለመፍረድ ባንቸኩል ይሻላል። ደብተር በነጻ የሚታደላቸውን ችግረኛ ተማሪዎች ስም በሰልፍ ላይ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ያነበብን ጥቂቶች አይደለንም፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። ክፋት አልነበረብኝም። ስሙ ተጠርቶ ከሰልፉ ያልወጣውን ልጅ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ኮሚሽኑ 200,000 ፓውንድ መቀጮ ተፈረደበት። ጥፋቱ በይፋ መነገሩ ተገቢ ነው፤ መቀጮው ግን አያረካኝም። ገንዘቡ ከሕዝብ ግምጃ ቤት ወጥቶ ወደዚያው ግምጃ ቤት የሚመለስ ነውና፤ ስማቸው የተገለጠባቸው ሰዎች ከዚህ ምንም አያገኙም። ከመቀጮው ይልቅ እንዲህ ያለ ኮሚሽን ገና ሥራውን ሳይጀምር አንድ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል እላለሁ፦ ከሠራተኞችህ ሁሉ የደከመው፣ እጅግ በቸኮለበት ቀን፣ አንድ ጊዜ ቢሳሳት የምስክሩ ስም ይወጣልን? መልሱ «አዎን» ከሆነ ገና ምስክር አይጥራ።