ትኩሳትና የግራ ጎን ሕመም፦ ከወባ ባሻገር ስለ ጣፊያ

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በበበቃ የቡና እርሻዎች ዙሪያ ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ሰው በቅድሚያ የሚመረመረው ወባን ነው። ይህም ተገቢ ነው። የዚህ ጸሐፊ ቅሬታ ምርመራው እዚያው ላይ መቆሙ ነው፤ በተለይም ሕመምተኛው ከግራ ጎድኑ በታች ሕመም የሚሰማው ከሆነ።

ባቤሲያ መዥገር የሚያስተላልፈው፣ በቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚራባ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ቪክቶር ባቤሽ በ1888 እ.ኤ.አ. በሩማንያ በከብቶች ደም ውስጥ አየው፤ ስሚዝና ኪልቦርን ደግሞ በ1893 እ.ኤ.አ. የሚያስተላልፈው መዥገር መሆኑን አረጋገጡ። በሰው ላይ የተመዘገበው የመጀመሪያው ሕመምተኛ በ1957 እ.ኤ.አ. በዩጎዝላቪያ የታወቀ ሲሆን፣ ሰውየው ቀደም ሲል ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ነበር። በዚህም ምክንያት በሽታው ጣፊያ የሌላቸውን ብቻ እንደሚያጠቃ ለዓመታት ታምኖ ኖረ። ዛሬ ግን ጣፊያ ባላቸውም ላይ እንደሚከሰት፣ አልፎ አልፎም ጣፊያውን ራሱን እንደሚጎዳው ይታወቃል፤ የደም ፍሰት ተቋርጦ የጣፊያው ክፍል ይሞታል፣ ወይም ጣፊያው ይፈነዳል። አሳሳቢው ነገር ፍንዳታው በደም ውስጥ ጥቂት ተሕዋስ ብቻ በታየባቸው፣ ቀድሞ ጤነኛ በነበሩ ሰዎችም ላይ መድረሱ ነው። «ስላይዱ ላይ ያለው ጥቂት ነው» ማለት መተማመኛ አይሆንም።

በአገራችን ከብቶች ላይ ባቤሲያ ባይጀሚና የታወቀ ነው፤ ሰማያዊው መዥገርም ያስተላልፈዋል። ይህ ዝርያ ሰውን በማጥቃት ስለማይታወቅ፣ የከብቱ በሽታ ወደ ገበሬው ይሻገራል ማለቴ አይደለም። ክርክሬ ሌላ ነው። ጣፊያን የሚያፈነዳው ባቤሲያ ብቻ ሳይሆን ወባም ነው፤ ቫይቫክስም ጭምር። ስለዚህ ለግራ ጎን ሕመም የሚደረግ ጥንቃቄ ለሁለቱም ይጠቅማል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩም የሁለቱ ቀለበት መሰል ቅርጾች ይመሳሰላሉ፤ ባቤሲያ የወባን ቡናማ ቀለም አይተውም፣ አንዳንዴም አራት ሆኖ በመስቀል ቅርጽ ይታያል። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ባቤሲያን አያሳይም። መመርመሪያው ነፃ ብሎ ስላይዱ ላይ ቀለበት ከታየ ጉዳዩ በድጋሚ መታየት አለበት።

የአልጋ ዳር ሥራውም ቀላል ነው። ያበጠ ጣፊያ በኃይል አይጫንም፤ መጫኑ ራሱ ሊያፈነዳው ይችላልና። ሕመሙ ወደ ግራ ትከሻ ከወጣ፣ የልብ ምት ከፈጠነ፣ ፊት ከገረጣ፣ የደም ግፊትና ሄሞግሎቢን ይለካሉ፣ አልትራሳውንድ ይታያል፣ ደም ይዘጋጃል። ደም ግፊቱ የተረጋጋ ሕመምተኛ በክትትል ሊድን ይችላል። ነገር ግን ክትትል አልጋ፣ ደምና በአቅራቢያ ያለ ቀዶ ሐኪም ይፈልጋል፤ ከቤንች ሸኮ ራቅ ካሉ ቀበሌዎች የሚመጣ ሰው ሪፈር መባል ያለበት ከመውደቁ በፊት ነው። ጣፊያን ማውጣት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ጣፊያ የሌለው ሰው በወባ አገር ሲኖር ለከባድ ወባም፣ ለባቤሲያም፣ ክትባት ለሚገባቸው ለኒሞኮከስና መሰል ባክቴሪያዎችም የተጋለጠ ነው።

ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች አንዱ የመመረቂያ ጥናቱን በዚሁ ላይ ቢያደርግ ብዙ ወጪ አይጠይቀውም፦ በፈጣን መመርመሪያ ነፃ ተብለው ቀለበት የታየባቸውን ስላይዶች ማስቀመጥ፣ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ የግራ ጎን ሕመም መመዝገብ፣ ስላይዶቹንም ባቤሲያን ዘወትር ከሚያዩ የእንስሳት ሐኪሞች ጋር አብሮ ማንበብ።