አስፈሪውን ፊልም ማን ይየው?

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ከመካከላችሁ የፊልም ጥበብ የምትማሩና ለመመረቂያችሁ አስፈሪ ፊልም የምትሠሩ አላችሁ። በፖስተሩ ላይ የምትጽፉት የዕድሜ ገደብ የማስታወቂያ ማድመቂያ እንዳይሆን እለምናችኋለሁ፤ “ከ18 ዓመት በታች የተከለከለ” የሚለው ጽሑፍ ልጆችን ይበልጥ እንደሚስብ እናውቃለንና።

አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1984 ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅን የሚያስጠነቅቅ አዲስ ደረጃ ያወጡት፣ እንደ “ግሬምሊንስ” ያሉ ለቤተሰብ የቀረቡ ፊልሞች ሕፃናትን ካስደነገጡ በኋላ ነበር። በአገራችንም የ1999 ዓ.ም. የብሮድካስት አዋጅ የልጆችን አስተሳሰብ የሚጎዳ ዝግጅት እነርሱ በሚከታተሉበት ሰዓት እንዳይተላለፍ ደንግጎ ነበር። ስልክ ግን ሰዓት አያውቅም።

ደም መታየቱን ብቻ አትቁጠሩ። ሰፈራችን ስሙን የወሰደበት ቀራንዮ ራሱ የራስ ቅል ስፍራ ማለት ነው፤ ልጆቻችንም በስቅለት ዕለት የችንካሩን ነገር ይሰማሉ። ነገር ግን ትንሣኤው ይከተላል፤ እናትም አጠገባቸው ቆማለች። ፊልማችሁን ያየ ሕፃን ሌሊት ብቻውን ሲተኛ ምን ይዞ ይተኛል? ጋኔንን አሸናፊ አድርጎ የሚያበቃ ፊልም፣ አንዲት የደም ጠብታ ባይኖርበትም፣ በእኔ አስተያየት ለ12 ዓመት ልጅ አይሆንም። ከመወሰናችሁ በፊት ታናሽ እህት ላለው ጓደኛችሁ አሳዩትና፣ እርሷን አጠገቡ አስቀምጦ ያየው እንደሆነ ጠይቁት።