የመንዝ በግ ጠጉር ለደጋ ልጆች ሹራብ ይዋል

በኢትዮጵያ ደጋ ብርዱ የሚከፋው በክረምት አይደለም። ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ አጥንት ሰርስሮ የሚገባው ቁር የሚመጣው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ደመና የሌለበት ሌሊት የምድሩን ሙቀት ይዞ አያሳድርም። በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ብርሃን፣ በደባርቅና በዲንሾ ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ የሚገኘውም ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚለብሰው ከሰልባጅ ክምር የተመረጠ፣ ለሌላ አገር ልጅ በሌላ ልክ የተሠራ የአክሪሊክ ወይም የፖሊስተር ሹራብ ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ በየደጁ በግ በሚታሰርበት አገር ነው። ደጋው ብርዱን የሚመክትበትን ልብስ ከራሱ በግ ጠጉር በራሱ እጅ መሥራት ይችላል፤ ሙያውን ለማስፋትም ከትምህርት ቤት የተሻለ ቦታ የለም ብዬ አምናለሁ።

መነሻው በእጃችን ነው። መንዝ ከበግ ጠጉር ባናና ዝተት ሲሠራ ኖሯል፤ ጥቁሩ በርኖስ የደጋ ሰው መለያ እስኪመስል ድረስ ተለብሷል። ጥጥ የሚያገኘው ደግሞ ጋቢ አለው። ጋቢ የሚያሞቀው ፈትሉ ስለወፈረ ብቻ አይደለም፤ አራት ድርብ በመሆኑ በድርቦቹ መካከል አየር ይይዛል፣ ሙቀት የሚጠብቀውም ይኸው የታሰረ አየር ነው። የሱፍ ሹራብ ያንኑ በሌላ መንገድ ያደርገዋል። የበግ ጠጉር በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ መርፌው በቋጠረው ቀለበት ሁሉ ውስጥ አየር ያስቀራል። ከጥጥ የሚበልጠው እርጥበት ላይ ነው፤ ጥጥ ሲርስ ገላ ላይ ተለጥፎ ያበርዳል፣ ሱፍ ግን የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ጠጥቶም የራሰ አይመስልም። ሹራብ ብቻውን ነፋስ ያሳልፋልና ከላዩ ጥብቅ ሆኖ የተሸመነ ልብስ ያስፈልገዋል። ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው በርኖስ ነበር፤ ዛሬ ከባና ተቆርጦ በስፌት መኪና የተሰፋ፣ የአቡጀዲ ገበር የገባለት አጭር ካፖርት ሊተካው ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ የለበሰ ልጅ ለጥቅምት ውርጭ ሙሉ ልብስ አለው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የማይነሣ ሌላም ምክንያት አለ። የደጋ ቤተሰብ ማታ የሚሰበሰበው ምድጃ ዙሪያ ነው። አክሪሊክና ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚወጡ ናቸው፤ እሳት ሲነካቸው ይቀልጣሉ፣ የቀለጠውም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የበግ ጠጉር በቀላሉ አይያያዝም፤ እሳቱ ሲርቀውም ራሱ ይጠፋል። ለብርድ ብለን ሕፃን ልጅ ላይ የምናለብሰው ነገር እሳት አጠገብ ምን እንደሚሆን ማሰብ ግዴታችን ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የዋጋና የጊዜ ነው፤ ቀላልም አይደለም። የአዋቂ ሹራብ በእጅ ለመሥራት 40 እና 50 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ጠጉሩን ማጠቡ፣ ማበጠሩና መፍተሉ ሳይቆጠር ነው። የልጅ ሹራብ ከዚያ ቢያንስም ሰዓቱ በቀን ሠራተኛ ዋጋ ቢተመን ሰልባጁ በርካሽነት ይረታል። ነገር ግን ይህ ሰዓት ከሌላ ሥራ የሚቀማ ሰዓት አይደለም። እንዝርት ከሴቶቻችን እጅ የማይለየው ወሬ እየተወራ፣ ቡና እየተጠበቀ፣ እረኛ እየታየ ስለሚፈተል ነው፤ ሹራብም እንዲሁ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእጅ ሹራብ ይተረተራል። ልጁ ሲያድግ ክሩ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ትንሽ አዲስ ክር ተጨምሮበት በአዲሱ ልክ ይሠራል። ክርኑ ቢቀደድ የተቀደደው ቦታ ብቻ ይጠገናል። ሰልባጅ ግን ዕድሜው በሌላ ሰው ገላ ላይ አልቆ የመጣ ነው፤ በሕግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ በኮንትሮባንድ ገብቶ፣ ከድሃው ኪስ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ፣ በዓመቱ ጨርቅ ይሆናል። ዋጋው መመዛዘን ያለበት በተገዛበት ቀን ሳይሆን በተለበሰባቸው ዓመታት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው የሚል ነው። ሻካራ ነው። ጠጉሩንና ሥጋውን ለማሻሻል አዋሲና ኮሪዴል የተባሉ የውጭ ዝርያዎች መጥተው በደብረ ብርሃን የበግ ማዕከል ከአገሬው በግ ጋር የተዳቀሉትም ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ሻካራነት የሚያሳክከው ገላ ላይ በቀጥታ ሲለበስ ነው፤ ከውስጥ የጥጥ ሸሚዝ ካለ ችግሩ ይቃለላል። በዚህ ረገድ የምታስተምረን አገር አይስላንድ ናት። ሕዝቧ 400,000 ያህል ብቻ ነው፤ የበጎቿ የላይኛው ጠጉርም ረጅምና ሻካራ ነው። ከዚያው ጠጉር የሚሠራው ሎፓፔይሳ የሚባለው ሹራብ ግን ዛሬ የአገሪቱ ምልክት ነው። ሰው ጥንታዊ ይመስለዋል እንጂ መልኩን የያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በእጅ የሚሠሩት ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ በ2020 ደግሞ ስሙ በሕግ ተጠበቀና በአይስላንድ ሱፍ፣ በአይስላንድ ምድር፣ በእጅ ያልተሠራ ሹራብ በዚያ ስም እንዳይሸጥ ተደረገ። ቀለሙ ብዙውን ጊዜ የበጉ የራሱ ቀለም ነው። የመንዝ በግም ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡኒና ዝንጉርጉር ነው። አንድ ወጥ ቀለም ለሚፈልግ ፋብሪካ ይህ ጉድለት ይሆናል፤ በእጅ ለሚሠራ ሰው ግን ማቅለሚያ ሳይገዛ የሚያገኘው ጌጥ ነው። ጠጉሩን ፋብሪካ ይሥራው ለሚሉም መልሴ ከዚሁ ይነሣል፤ ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካው ስም ያወጣ ከተማ ነው፣ ፋብሪካው ይስፋ። ብርድ ልብስ ግን ተለብሶ ትምህርት ቤት አይኬድም፤ ከአምስትና ስድስት በግ የሚሸለተውን ጥቂት ጠጉር ሹራብ ለማድረግም እጅ ይበቃል።

ከሁለቱም የሚከብደው በግልጽ የማይነገረው ተቃውሞ ነው፤ የእጅ ሥራ ዝቅ ያለ ነው፣ ሹራብና ዳንቴልም የሴት ነው የሚለው ስሜት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ሲከለክሉ የፈለጉት ይህን ስሜት ከሥሩ ለመንቀል ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተነቀለም። በሽመና ወንድ፣ በፈትል ሴት ሲሠሩ በኖሩበት አገር መርፌና ኪሮሽ ለወንድ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1866 በኡኖ ሲግኔዩስ መሪነት የሕዝብ ትምህርት ቤቶቿን ስታደራጅ የእጅ ሥራን ከመደበኛው ትምህርት ጋር አስገባች፤ ዛሬም ድረስ ወንዱም ሴቱም ይማረዋል። ዛሬ ኋላ ቀር የሚላት የለም። እኛም ጋ የክወናና የእይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ አለ። በሳምንት አንድ ሰዓት ለሹራብና ለስፌት ለመስጠት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ጥንድ መርፌ፣ አንድ ልቃቂት ክርና ሙያው ያላት አንዲት የመንደሩ እናት ይበቃሉ። እናቲቱ ግን ስለምታስተምር ልትከፈል ይገባል፤ በነፃ የተጠየቀ ሙያ ተናቀ ማለት ነው።

ገበያውም ከዚያው ከግቢው ይጀምራል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የዩኒፎርም ሹራብ ያስለብሳሉ፤ ሹራቡ ግን በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ክር ነው፣ ቀለሙም ከሱቅ ካልሆነ አይገኝም። ስለዚህ የደጋ ርእሳነ መምህራንና የወላጅ ኮሚቴዎች ሆይ፣ የዩኒፎርም ደንባችሁ ላይ ለመጪው መስከረም አንድ መስመር ጨምሩ፤ በአካባቢው በግ ጠጉር በእጅ የተሠራ ሹራብ፣ ቀለሙ የበጉ እንደሆነ፣ በዩኒፎርምነት ይፈቀድ።