ማረም ሐሰት ነውን?

ሰሞኑን በካፌው ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ክርክር ተነሥቶ እስካሁን አልበረደም። አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ ቲን ሊዚ የተባለው የአየርላንድ የሮክ ባንድ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ያወጣው «ላይቭ ኤንድ ዴንጀረስ» የተጭበረበረ አልበም ነው ይላሉ። «ከመድረክ የተቀዳ ነው ተብሎ ተሸጠ፤ ለካስ እስቱዲዮ ውስጥ ተጠጋግኖ ኖሯል!» ነው ነገሩ። ይህን ብቻ ብለው ቢያበቁ እኛም ሻያችንን ጠጥተን በተለያየን ነበር። እነሱ ግን ከደብሊን ተነሥተው እኛ ደጃፍ ድረስ ዘለቁ። በግጥም ምሽት የተነበበ ግጥም ታርሞ በዚህች መጽሔት መውጣት የለበትም፤ የታረመ ስሜት የሞተ ስሜት ነው ብለው ደመደሙ። እዚህ ላይ ዝም አንልም።

እስቲ መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ቲን ሊዚ በ1969 ደብሊን ላይ የተቋቋመ ባንድ ነው። ቤዝ ጊታር እየመታ የሚዘፍነው ፊል ላይኖት እናቱ አየርላንዳዊት፣ አባቱ ከጉያና የመጣ ጥቁር ሰው ነው። እንግሊዝ አገር ተወልዶ በደብሊን ክራምሊን ሠፈር አያቱ ዘንድ አደገ። የግጥም መጻሕፍትም አሳትሟል፤ ስለዚህ «የሮክ ጩኸት ከሥነ ጽሑፍ መጽሔት ምን አገናኘው?» ለሚለን መልሳችን አጭር ነው፤ ሰውዬው የእኛው ሙያ ሰው ነው። ድራም የሚመታው ብራያን ዳውኒ የደብሊን ልጅ፣ የላይኖት የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። በ1974 የካሊፎርኒያው ስኮት ጎረምና የግላስጎው ልጅ ብራያን ሮበርትሰን በጊታር ተጨመሩ። የእነዚህ ሁለት ጊታሮች አንዱን ዜማ በተለያየ ከፍታ ይዘው ጎን ለጎን መጓዝ የባንዱ መለያ ሆነ።

አልበሙ የተሠራው እንዲህ ነው። በ1977 ቶኒ ቪስኮንቲ የተባለው አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር አንድ የእስቱዲዮ አልበም ሠርቶላቸው ነበር። ለ1978ም ሌላ ሊደግሙ አስበው ሳለ የቪስኮንቲ ጊዜ በሌላ ሥራ ተያዘ። በቀረችው አጭር ጊዜ ምን ይደረግ? በእጃቸው ያሉትን የመድረክ ቴፖች አወጡ። አንደኛው ክፍል በኅዳር 1976 በለንደኑ ሐመርስሚዝ ኦዲዮን፣ ሌላው በጥቅምት 1977 በፊላዴልፊያና በቶሮንቶ የተቀዳ ነው። ቴፖቹን ተሸክመው በ1978 መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ አንድ እስቱዲዮ ገቡ። እዚያ አዳመጡ፣ መረጡ፣ የጎደለውን ሞሉ፣ የተጣመመውን አቀኑ። ሁለት ሸክላ የያዘው አልበም በሰኔ ወጥቶ በእንግሊዝ ሽያጭ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ወጣ።

ጠቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቪስኮንቲ ሦስት አራተኛው ያህል እስቱዲዮ ውስጥ እንደገና የተሠራ ነው አለ። ከባንዱ ሥራ አስኪያጆች አንዱ የነበረው ክሪስ ኦዶኔል ደግሞ ነገሩን ገለበጠው፤ ሦስት አራተኛው ከመድረክ ነው፣ የተጨመረው አንድ አራተኛው ብቻ ነው አለ። ሮበርትሰን ከሁለቱም ተለየ፤ ጥቂት የአጃቢ ድምፅና ጥቂት ጊታር ካልሆነ በቀር ሁሉም የመድረኩ ነው ባይ ነው። ምክንያቱም የሚናቅ አይደለም። እያንዳንዱ መሣሪያ በቴፑ ላይ የየራሱ መስመር አለው። ባንዱ ግን እጅግ ይጮኽ ስለነበር የአንዱ መሣሪያ ድምፅ በሌላው ማይክሮፎን ሾልኮ ይገባል። ቤዙን ከራሱ መስመር ላይ ብታጠፋው ከድራሙ መስመር ላይ ይሰማሃል። እንዲህ ያለውን እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ነቅሎ ሌላ መትከል ቀላል አይደለም።

እኛ ዳኞች አይደለንም፤ ከሦስቱ ማን ልክ እንደሆነ አንፈርድም። ባላንጦቻችን ግን የቪስኮንቲን ቁጥር ብቻ አንሥተው እንደ ሰንደቅ ያውለበልባሉ። እሺ፣ ይሁንላቸው! የሚመቻቸውን ቁጥር እንቀበልና ሦስት አራተኛው እስቱዲዮ የተሠራ ነው እንበል። ታዲያ ምን ይሁን?

አዳራሽ ውስጥ የቆመ ሰው በጆሮው ብቻ አይሰማም። መብራቱ፣ ሙቀቱ፣ የጎረቤቱ ትከሻ፣ የሺህ ሰው ጩኸት አብሮ ያዳምጥለታል። የተሰነጠቀች አንዲት ድምፅ ብልጭ ብላ ትጠፋለች፤ ማንም አያስታውሳትም። ሸክላ ላይ ግን ያቺ ስንጥቅ አትሞትም። ብቻህን ክፍልህ ውስጥ ተቀምጠህ መቶ ጊዜ ስታዞረው መቶ ጊዜ ትመጣብሃለች። በምሽቱ ኢምንት የነበረች ነገር በሸክላው ላይ ዋና ነገር ትሆናለች። ስለዚህ ስንጥቋን የደፈነ ሰው ምሽቱን አልካደም፤ ምሽቱን ከአዳራሹ አውጥቶ ወደ ክፍላችን የሚያሻግርበትን ድልድይ ሠራ እንጂ።

ደግሞስ ያ «ድንገተኛ» እየተባለ የሚሞገሰው የሐመርስሚዝ ምሽት ከየት መጣ? ባንዱ ከተቋቋመ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። በ1973 በአንድ የአየርላንድ የሕዝብ ዘፈን ስም አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ያወጣቸው አልበሞች ብዙም ሳይሸጡለት ቀሩ፤ «ጄልብሬክ» ወጥቶ ስሙ የታደሰው በ1976 ነው። የሰባት ዓመት ልምምድና ውድቀት ያለፈበትን ነገር «ከልብ ፈንቅሎ የወጣ» እያልን ስናሞካሽ፣ ሠራተኞቹን ላባቸውን እየነጠቅናቸው መሆኑን ልብ እንበል።

የእኛም ሰዎች «ቅኔኮ ከአፍ እንደወጣ ነው» ይሉናል። ኧረ ለመሆኑ የቅኔ ቤት ደጃፍ ረግጠው ያውቃሉ? የቅኔ ተማሪ ገለል ብሎ ሲቆጥር ይውልና መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፣ ያቃናዋል። መታረም ያሳፈረው ተማሪ ባለቅኔ ሲሆን አልሰማንም። ይህችው የምታነቧት መጽሔት እንኳ ስቴንስሏ ሲቆረጥ የተሳሳተው ፊደል በቀለም ተደፍኖ ከላዩ ይመታበታል። ሐሰት ናት ልንላት ነው?

አንድ ነገር ግን እንመንላቸው፤ መካድ አይገባንምና። ሽፋኑ ላይ «ላይቭ» የሚል ቃል አለ። ሸክላውን በገንዘቡ የገዛ ሰው ምን እንደገዛ የማወቅ መብት ነበረው። የቱ ተቀዳ፣ የቱ ተጨመረ ብሎ በሁለት መስመር መጻፍ ያን ያህል አይከብድም ነበር። ይህ ባለመደረጉ ጭቅጭቁ ይኸውና ዕድሜ አገኘ። ወቀሳችሁ እዚህ ላይ ቢያርፍ ከእናንተ ጋር ነን። ማረም ሐሰት አይደለም፤ አላረምኩም ብሎ መማል ግን ሐሰት ነው። እናንተ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልላችሁ፣ በዝምታው ጥፋት መዶሻውን ትከስሳላችሁ።

መዶሻው ደግሞ የማይችለው ነገር አለ። ከሐመርስሚዝ ጥቂት ቀናት በኋላ ሮበርትሰን ለንደን ውስጥ በአንድ ክለብ ጠብ እጁን ተጎዳ፤ በ1977 መጀመሪያ ለነበረው የአሜሪካ ጉዞ ጌሪ ሙር ተተካበት። ተመልሶ ቢጫወትም አልበሙ በወጣበት በዚያው 1978 ከባንዱ ተለየ። ላይኖትም በጥር 1986 በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሞተ። አራቱን እንደ ገና አንድ መድረክ ላይ የሚያቆም እስቱዲዮ የለም። ፓሪስ ላይ የተደረገው ጥገና ያልነበረ ነገር አልፈጠረም፤ ሊበተን የተቃረበ ባንድ የነበረውን ሳይጠፋ ያዘው። በ2023 እነዚያው ኮንሰርቶች በስምንት ሲዲ ታትመው ወጥተዋል። የሚጠራጠር ጎን ለጎን ያዳምጥ። ያልታረመው መውጣቱ የታረመውን አልገደለውም፤ የ1978ቱ አልበም ዛሬም በዝነኞቹ የመድረክ አልበሞች ተርታ ይጠራል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። «ስሜቴን አትንኩብኝ» የሚለው ጓደኛችን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ስሜቱን ሳይሆን ስንፍናውን ነው። በምሽቱ ያስጨበጨበለት ድምፁና የጓደኞቹ ፍቅር ነበር፤ ወረቀት ላይ ግን ድምፁም ጓደኞቹም አይከተሉትም። እዚያ ቃሉ ብቻውን ይቆማል። ብቻውን መቆም ያቃተውን ቃል ታርሞ እንዲቆም ማድረግ ለአንባቢ ያለን ክብር ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። በግጥም ምሽት የተነበበ ሁሉ ከመታተሙ በፊት ደራሲው ባለበት ይነበብ፣ ይተች፣ ይታረም። የታረመው ሲወጣም ከግርጌው «በምሽቱ ከተነበበው የተለወጠ» የምትል አንዲት መስመር ትግባበት። ቲን ሊዚዎች የሠሩትን እንሥራ፤ የዘነጉትን እንጨምር። የማይስማማ ካለ ተቃውሞውን ጽፎ ያምጣ፤ እናትመዋለን። ብቻ ከማምጣቱ በፊት አንድ ጊዜ አንብቦ ይረመው።