«ዓረብ ሀገር ለመሄድ ደላላ ይበቃታል» ላላችሁ

ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፣ ካልሆነም እለፉት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈራችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አረብኛና ግዕዝ ማጥናት እንደምትፈልግ ጽፌ ነበር። የቆሼ ልጅ ናት፤ ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። ከሥሩ የመጣውን ኮሜንት አይታችኋል። አንዱ «ዓረብ ሀገር ለመሄድ ደላላ ይበቃታል፣ ዩኒቨርሲቲ ምን አደከማት» አለ፤ ስንቱ ሳቀለት። ሌላው «ሙስሊም ናት እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሦስተኛው ደግሞ ከወዲያኛው ወገን መጥቶ «አረብኛ የቁርኣን ቋንቋ ነው፣ መድረሳ እንማረዋለን፣ ከግዕዝ ጋር ምን አገናኘው» አለኝ። ሦስቱ ቢገናኙ የሚጣሉ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ሲሉ ነው የሰማሁት፦ አረብኛ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አይደለም።

በቀልደኛው ልጀምር። ቆሼን በቆሻሻው ብቻ የምታውቁት፣ መጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት በቴሌቪዥን ያያችሁት፣ እዚህ ሰፈር ስንት ጣሪያ በዓረብ ሀገር ደሞዝ እንደተለወጠ አላያችሁም። ልጆቻችን ሪያድ፣ ኩዌት፣ ቤይሩት ሠርተው ሲመለሱ «አረብኛማ ይችላሉ» ይባላል። እስቲ የሚችሉትን ስሙ። ተዓሊ፣ ሩሂ፣ ጂቢ፣ ያላ። ነይ፣ ሂጂ፣ አምጪ፣ ቶሎ በይ። ሰዋስው ላስተማርኳችሁ ይሄ ምን እንደሆነ መንገር የለብኝም፤ ትእዛዝ አንቀጽ ነው። ልጅቷ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ከአንድ ትልቅ ቋንቋ የደረሳት የታዘዘችበት ቁራሽ ብቻ ነው። «የአምስት ወር ደሞዜ አልተከፈለኝም» ማለት ሌላ አረብኛ ነው። «የፈረምኩት ወረቀት ላይ ይሄ የለም» ማለት ሌላ አረብኛ ነው። እሱ አረብኛ ማዕድ ቤት ውስጥ አይለመድም።

የሳዑዲ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአረብኛ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያ አገር ተጠራርገው ሲመጡ፣ ያልተከፈለ ደሞዛቸውን ጥለው የመጡ ብዙ ነበሩ። ውል አንብቦ የሚያስረዳ፣ ችሎት ቆሞ የሚያስተረጉም፣ ኤምባሲ ተቀምጦ ለመርማሪ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ከየት ይመጣል? አራት ዓመት ቋንቋውን ከሥሩ ከተማረ ሰው ነው የሚመጣው። «ደላላ ይበቃታል» ያልከው ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ ውሉን ያነበበላቸው እኮ ደላላው ነው!

«ሙስሊም ናት እንዴ?» ላልከው። ሃይማኖቷን አልነግርህም፣ አያገባህም። የማያገባህ መሆኑን ግን ላስረዳህ። ፍትሐ ነገሥት ከየት የመጣ ይመስልሃል? በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ ክርስቲያን የሆነው ኢብን አል-ዓሳል በአረብኛ ያዘጋጀው ነው፤ ኋላ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። በየቀኑ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ስንክሳርም ከአረብኛ የተመለሰ ነው። አቡሻክር፣ ባሕረ ሐሳብ የሚቆጠርበት መጽሐፍ፣ ስሙ ራሱ አረብኛ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ሰላማ ጊዜ ከአረብኛ ወደ ግዕዝ የገባው መጽሐፍ ብዙ ነው። እነዚያን የተረጎሙ ሰዎች «ሙስሊም ናችሁ እንዴ?» የሚላቸው አልነበረም።

በጣም የምወደው ደሞ ይሄ ነው። ዮሐንስ የሚባል የግብፅ ጳጳስ፣ የኒቂዩ ሰው፣ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዓለምን ታሪክ ጻፈ፤ ዓረቦች ግብፅን ሲይዙ በዚያው ዘመን የነበረ ሰው ነው። መጽሐፉ ወደ አረብኛ ተተረጎመ። በ1602 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአረብኛው ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ከዚያ የመጀመሪያው ጠፋ፣ አረብኛውም ጠፋ። ዛሬ ዓለም ያንን ታሪክ የሚያነበው ከግዕዙ ብቻ ነው። ግዕዙን በደንብ ለማንበብ ደግሞ ከበስተጀርባው ያለውን አረብኛ መገመት አለብህ፤ ተርጓሚው የቱ ጋ ቃሉን እንዳለ እንደወሰደው፣ የቱ ጋ እንደተሳሳተ። ግዕዝ ብቻ የሚያውቅ ግማሹን ነው የሚያነበው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ይሄን ያውቁ ነበር። ኢየሩሳሌም ረጅም ዘመን ተቀምጠው ዕብራይስጡንም ሱርስቱንም አረብኛውንም ተማሩ። በ1948 ዓ.ም. ደስታ ተክለ ወልድ ያሳተሙላቸውን የግዕዝ መዝገበ ቃላት የከፈተ ሰው የግዕዙ ቃል ከእህቶቹ ጋር ተሰልፎ ያገኘዋል። የኛ የራሳችን ሊቅ፣ የቆሎ ተማሪ የነበሩ ሰው፣ ያለ ምንም ዩኒቨርሲቲ «የሴም ቋንቋዎች ጥናት ክፍል» ሆነው አረፉ። እኛ ዩኒቨርሲቲ ከፍተን እሳቸው የደረሱበት ጋ አልደረስንም።

አሁን ወደ ሦስተኛው። መድረሳን አልናቅኩም፤ በአክብሮት ነው የምናገረው። የወሎዎቹ ዳናና ገታ እኮ መስጊድ ብቻ አልነበሩም፤ ነሕው ለመማር ከሩቅ የሚኬድባቸው የሰዋስው ትምህርት ቤቶችም ነበሩ። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር አማርኛውን በአረብኛ ፊደል ጽፈው መንዙማ አደረጉት። አሁን ንገረኝ፣ ያንን ዓጀም ማን ያንብበው? አረብኛ ብቻ የሚያውቅ ፊደሉን ያነባል፣ አማርኛው አይገባውም። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ፊደሉ ይዘጋበታል። ሁለቱንም የሚያውቅ፣ የድሮ ጽሑፍ መመርመር የተማረ ሰው ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ውስጥ የተቀመጡት የአረብኛ ጽሑፎች ዝርዝር በ2014 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል፤ አዘጋጁ አሌሳንድሮ ጎሪ ጣሊያናዊ ነው። እግዜር ይስጠው፤ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ እኛው ላይ ነው። የወሎ ሸሆች ምን እንደጻፉ ለማወቅ ጣሊያናዊ እንጠይቃለን፤ የግዕዝ ቃል ለመፍታት ዲልማን የሚባል ጀርመናዊ በ1865 እ.ኤ.አ. በላቲን የጻፈውን እናገላብጣለን። ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ የወሎን እስልምና ታሪክ ሲጽፉ የአረብኛ ምንጮቹን ራሳቸው አንብበው ነው። እንደሳቸው ያለ ስንት አፈራን?

«ከግዕዝ ጋር ምን አገናኘው» ነው ያልከው? ሱረቱ ኑር ላይ ያለችውን «ሚሽካት» አል-ሱዩጢ ራሱ፣ ትልቁ የግብፅ ዓሊም፣ የሐበሻ ቃል ናት ብሏል። መስኮት ናት እኮ! «ሐዋሪዩን»ን ደግሞ ሊቃውንት ከኛው ሐዋርያ ጋር ነው የሚያያይዙት።

ሰዋስዉን ላሳያችሁ፣ አስተማሪ ነኝና አልችልም። በግዕዝ አንዱ ልብስ ነው፣ ብዙው አልባስ። በአረብኛ አንዱ ወለድ ነው፣ ብዙው አውላድ። ቅርጹ አንድ ነው። ሐሰበ ያለ ሰው ሒሳብ አይጠፋውም፤ ክታብ ያለ ሰው ኪታብ አይጠፋውም። ዓይን፣ ራስ፣ ደም፣ ስም፣ ቤት፣ ሞት፣ ነፍስ... ለፈረንጅ ተማሪ ዓመት የሚፈጅበት የቃል ሥር ነገር ለኛ ልጅ አፏ ውስጥ ያደረ ነው። በዓለም ላይ አረብኛና ግዕዝን ጎን ለጎን ለማጥናት ከኛ ልጆች የተሻለ የሚመቸው ማነው?

(በነገራችን ላይ፣ ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር ዓይቶ የጻፈው ታላቁ የካይሮ ታሪክ ጸሐፊ አል-ጀበርቲ ዘሩ ከኛ ነው። ስሙ ይናገራል።)

ፖለቲካ አትንካ ስለምትሉኝ በአጭሩ። የሕዳሴው ግድብ የቆመው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ነው፤ እዚያ ብዙ ሰው አረብኛ ይነጋገራል። ግድቡ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ የካይሮ ቴሌቪዥን በአረብኛ ስንት ሰዓት እንዳወራ አስቡት። እኛ በአማርኛ ዘፈን መለስን፤ ለራሳችን! መሐመድ አል-ዓሩሲ በአረብኛ ቴሌቪዥኖች ቀርቦ ሲከራከር አገር ጉድ አለ፣ በኋላም ፓርላማ ገባ። ደስ ይላል። ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ በጎረቤቱ ቋንቋ የሚከራከርለትን ሰው በጣት ሲቆጥር አያሳፍርም? እሱ ለዚያ ሥራ በእቅድ የሠለጠነ ተመራቂ ነው እንዴ?

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው። አረብኛና ግዕዝ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሁኑ፤ ዕብራይስጡ፣ ሱርስቱ፣ ሐረሪው፣ ስልጤው፣ ትግርኛው፣ አርጎብኛው አብረው ይግቡ። በስድስት ኪሎ የፊሎሎጂ ትምህርት ግዕዙንም አረብኛውንም ጽሑፍ የሚመረምሩ መምህራንና ተማሪዎች አሉ፤ ጎበዞች ናቸው። ግን የምናወራው ስለ ድኅረ ምረቃ ነው፤ ልጁ እዚያ ሲደርስ አንዱን ቋንቋ ከፊደል ይጀምራል። ከአንደኛ ዓመት ይጀመር። የሁለቱ ተማሪዎች አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ልብስ–አልባስ፣ ወለድ–አውላድ ይበሉ። «70/30» በሚባለው ፖሊሲ ቋንቋ ውጤት ያነሰው የሚወረወርበት ቦታ ሆኖ ነበር፤ ያልመረጠው ልጅ የተመደበበት ክፍል ደሞ ይሞታል፣ ሲሞት «ተማሪ የለውም» ይባላል። ይቺ ልጅ ግን መርጣ ነው የመጣችው። መርጣ! የመረጠችውን ልጅ ነው የሳቃችሁባት።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዱባይና ጅዳ ያላችሁትን ነው። ሀንስ ቬር የሚባለው የአረብኛ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋታል፤ ያገለገለም ቢሆን ችግር የለም። የኪዳነ ወልድን እኔ እሰጣታለሁ፣ ሽፋኑ ተገንጥሏል እንጂ ገጹ ሙሉ ነው። የሚመጣ ሰው ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ አየር ጤና ድረስ መጥቼ እቀበላለሁ።