አንድ መንገድ ለደናችን



ለፎገራ ልጅ በእግር መሄድ ብርቅ አይደለም። ትምህርት ቤት የሚመጣው በእግሩ ነው፤ ገበያም የሚወርደው በእግሩ ነው። ስለዚህ «በደን ውስጥ የምንንሸራሸርበት መንገድ ይሠራልን» ብዬ ስጽፍ አንዳንድ ወላጆች «ይህ ልጅ ሥራ ፈቷል እንዴ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ሆኖም ሐሳቤን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሜዳችን ለም ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ያጠጡታል፤ ሩዙ ሲነሣ ጓያው ይተካል። ዛፋችን ግን አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ እርሱም የሚተከለው ለመቆረጥ ነው። ወይራውንና ብሳናውን፥ ሌላውንም የአገር ዛፍ በብዛት የምናገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በገዳም ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናታቸው፥ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት ማግኘታቸውን ገልጸዋል። ይህ ሊያኮራን ይገባል። ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ አሥሩን በስም ለይተን የምናውቅ ተማሪዎች ስንት ነን? ሰው የማያውቀውን ነገር ሊጠብቅ አይችልም።

ባለፈው ዓመት አምስት ጓደኛሞች ሆነን፥ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ታራ ገዳም ደን ወጥተን ነበር። ከዛፎቹ ጥላ ሥር እንደ ገባን የሜዳው ሙቀት ቀረልን፤ ሳናስበውም ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። ስንመለስ ግን እናቋርጣለን ብለን ከመንገድ ወጣን፤ በአጋሙ መካከል ጠፋን፤ ብዙ ቡቃያም ረገጥን። በመጨረሻ ያገኙን አንድ አባት መንገዱን ካሳዩን በኋላ «ልጆቼ፥ በአንድ መንገድ ብትሄዱ ኖሮ እናንተም አትጠፉም፥ ቡቃያውም አይሞትም ነበር» አሉን። እኔም ዛሬ የምለው ይህንኑ ነው።

«መንገድ ከተከፈተ መጥረቢያ ይከተላል» የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። እግርና ከብት የበዛበት ቡቃያ አያድግም፤ በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደናቸውን በድንጋይ ካብ ያጠሩትም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን መንገድ ባይኖርም ሰው ወደ ደን መግባቱን አልተወም፤ የሚገባው ግን እንደ እኛ በየፊናው ነው። በድንጋይ የተከለለ አንድ ጠባብ መንገድ በገዳሙ አባቶች ፈቃድ፥ ከጸሎት ስፍራ ርቆ ቢሠራ፥ የተበተነውን እግር ይሰበስባል። ተመልካች በሚመላለስበት ደን ውስጥም ዛፍ የሚሰርቅ ሰው እንደ ልቡ አይሆንም።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በደኑ ውስጥ የእግር መንገዶች አሉት፤ የአዲስ አበባ ሰው አእምሮውን ያሳርፍበታል። ለእኛ ያን ያህል ወጪ አያስፈልገንም፤ ድንጋይና ጉልበት ይበቃናል።

የሰላም ነገር ከሁሉ እንደሚቀድም አልዘነጋሁም። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ግን መምህራኖቻችን ይምሩን፤ ወላጆቻችንም ይፍቀዱልን። ድንጋዩን እኛ እንሸከማለን፤ የዛፎቹንም ስም ከአባቶች ጠይቀን በእንጨት ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን።

አባቶቻችን ደኑን ሳይቆርጡ አስረክበውናል፤ እኛም ሳንረግጠው ለታናናሾቻችን እናስረክብ።