ባሕሩ ዳርቻ ሲደረስ የሚያርፈው ማን ነው?

የዓመት ፈቃድ ሲደርስ ባልና ሚስት ተያይዘው አገር ለማየት መነሣታቸው መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ጉዞው ለአንደኛው ዕረፍት፣ ለሌላኛዋ ደግሞ ከቤት የተከተላት ሥራ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በዛሬው ዓምዳችን የምንወያየው ስለዚሁ ይሆናል።

ቀደም ባሉት ዓመታት ባሕር ለማየት የሚሻ ሠራተኛ ወደ ምጽዋ ወይም ወደ አሰብ ይወርድ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ ባሕር የናፈቀው መንገደኛ ድንበር መሻገር ግድ ይሆንበታል። ከመኪና መንገዶቹ አንዱ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሠመራ አልፎ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ የሚያስገባው ነው። ርቀቱ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከተማ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

በጅማ ከተማ የምታስተምር አንዲት እህት በዚሁ መንገድ ከባለቤቷ ጋር ያደረገችውን ጉዞ አጫውታናለች። ከተጋቡ 12 ዓመት ሆኗቸዋል። ሦስቱን ልጆቻቸውን ለአያታቸው አደራ ሰጥተው፣ ባጠራቀሙት ገንዘብ በትንሿ መኪናቸው ተነሡ። ሁለቱም መንጃ ፈቃድ አላቸው፤ መሪውን ግን እንደ ወትሮው የያዘው ባል ነበር።

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድረው በማግሥቱ ቁልቁል ወረዱ። ከደጋው ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲገቡ ሙቀቱ በረታ። ከገዋኔ አለፍ እንዳሉ ባል አሸለበው፤ መኪናዋ ከአስፋልቱ ወጥታ ጠጠሩን መታች። ሚስት ጮኸች፤ ባል ደንግጦ ነቃና መኪናዋን አቆመ። ከፊት ለፊት አንድ ተሳቢ ከባድ መኪና እየመጣ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ በኋላ እስከ ሠመራ የነዳችው እርሷ ናት።

በሦስተኛው ቀን በአሳል ሐይቅ በኩል አልፈው፣ በባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ዳርቻ ወደምትገኘው ወደ ጥንታዊቷ የአፋሮች ከተማ ታጁራ ደረሱ። ሁለት ቀን ለማረፍ አንድ ክፍል ተከራዩ። እህታችን በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ የመንገዱን ልብስ አጠበች፤ ምድጃዋን ለኩሳ ቁርስ ሠራች፤ ምሳም ጣደች። ቀና ስትል ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ባል ዋኝቶ፣ በልቶ፣ ጋደም ብሏል።

ማታ በግልጽ ነገረችው። «ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ ባሕሩን ያየሁት በመስኮት ነው» አለችው። «አንቺ እኮ ሥራ ሳትሠሪ መዋል አትችይም» ሲላት፣ «ትናንት መሪውን ስትለቅልኝ ቀለለህ፤ ነገ ደግሞ ምድጃውን ልልቀቅልህና ይቅለለኝ» ብላ መለሰችለት።

ባል የሚመልሰው አላጣም፤ የመንገዱን ነገር ሲያስታውስ ግን ዝም አለ። በማግሥቱ ሻይ ያፈላው፣ ዓሣ ገዝቶ የጠበሰው እርሱ ነው። እርሷም በማለዳ ውኃው ውስጥ ገባች፤ በመጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ ኋላም እስከ ወገቧ። ዓሣው አንድ ወገኑ አርሮ ነበር። እርሷ ግን «በሰው እጅ የተሠራ ምግብ በላሁ» ትላለች።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ገንዘቡን እንደምታሰሉ ሁሉ ሥራውንም ቁጭ ብላችሁ ተከፋፈሉ። ማን ይነዳል? ማን ያበስላል? ባሕሩ ዳር እያንዳንዳችሁ ከሥራ ነፃ የምትሆኑበት ሰዓት የትኛው ነው? ሁለት ሰዓት ከነዳችሁ በኋላ ዕረፍት አድርጉ፤ ተቀያየሩ። ለባሕሩ ጠረፍ የሚመረጠው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ በበጋቸው ወራት፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ፓስፖርትና የመኪናውን ሰነድ አሟሉ፤ ስለ መንገዱም ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቆላ ስታድሩ አጎበር አይለያችሁ።

ተቅማጥ ወይም ትውከት ያጋጠመው ሰው ቢኖርና የተዘጋጀው የንጥረ ነገር ዱቄት ባይገኝ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጡት፤ ካልተሻለው ወደ ሐኪም ውሰዱት። ባሕር ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ። ውኃው ወደ ጥልቁ ቢስባችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ከወጡበት ስበት አምልጡ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው አሳል ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ስለሆነ ዓይንና ቁስል ያቃጥላል፤ የምትታጠቡበት ንጹሕ ውኃ ያዙ።

ከሁሉም በላይ ግን፣ እናቶች ሆይ፣ ድካማችሁን ዋጥ አድርጋችሁ አትመለሱ፤ ተናገሩ። አባቶችም ሳይነገራችሁ ተመልከቱ። ያቺ መምህርት ጅማ ከተመለሰች ወዲህ እሑድ ጠዋት ቁርስ የሚሠራው ባለቤቷ ነው። ልጆቹም ያዩታል። ይህም ከባሕሩ ዳር ከሚለቀም ዛጎል የበለጠ ስጦታ ነው።

መልካም የዕረፍት ጊዜ!